የቀለህ ዋጋ

(በጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። በቃል ያልኩትን ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ከቅዳሜ ገበያ በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ ዘንቢላችሁን አይቼ አውቄያለሁ። ቤት የሚጠብቃችሁ አለ። ስለዚህ ቶሎ ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ጦርነት ጥሎት የሚሄደው ቆሻሻ እንዲነሳ ገንዘብ ለማንና እንዴት ይከፈል የሚል ነው።

አንድ ያየሁትን ላጫውታችሁ። አዘዞ፣ ከበራችን ላይ ቆሜያለሁ። ቆራሌው እየተጣራ መጣ። አሥር ዓመት የማይሞላው የጎረቤት ልጅ የማዳበሪያ ከረጢት እየጎተተ ወጣ። የተቀደደ ቆርቆሮ፣ የድስት ክዳን፣ የተጣመመ ሚስማር ይዟል። ከሥር ደግሞ የጥይት ቀለህ አለ። ቆራሌው ቀለሁን አንድ በአንድ ለየው። ነሐስ ስለሆነ ከብረት ይሻላል። ልጁም ይህንን ያውቃል፤ ዋጋ ሲከራከር ትልቅ ሰው ነው የሚመስለው። ከዚያ ቆራሌው እጁን ወደ ከረጢቱ ሰደደና ደርቆ ቀረ። እጁን ቀስ ብሎ አወጣ። «ማንም እንዳይነካው! ራቁ!» አለ። የዛገ፣ ጭራው ላይ ክንፍ ያለው ነገር ነበር።

ለቀበሌ ተነገረ። የሚያነሳው ባለሙያ እስኪመጣ ሁለት ቀን ፈጀ። ሁለት ቀን ሙሉ መንደሩ በእሾህና በድንጋይ አጥሮ ጠበቀው። እናቶች ልጆቻቸውን በዚያ በኩል አላሳለፉም። ተመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን ከአእምሮዬ ያልወጣው ልጁ ነው። ያን ቀን አለቀሰ። ደንግጦ መስሎኝ ላባብለው ስጠጋ «አልከፈለኝም እኮ!» አለኝ።

የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ከዚህ ልጅ ቃል ይነሳል።

ሙያዬ የመንግሥት ገንዘብ ነው። ግብር፣ ቀረጥ፣ ድጎማ፣ በጀት። ብዙ ሰው እነዚህን ቃላት ሲሰማ እንቅልፉ ይመጣል፤ አልፈርድበትም። ነገሩ ግን ቀላል ነው። መንግሥት ሰው አንድ ነገር እንዲያደርግ ሲፈልግ ሊያዝዘው ይችላል። ወይም ያንን ነገር ማድረግ የሚያዋጣ እንዲሆን የዋጋውን ነገር ይነካካል። አንዱን ያስወድዳል፣ ሌላውን ያረክሳል። ማበረታቻ የምንለው ይኸው ነው።

የሚሠራ ማበረታቻ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ ጎንደር ዳሽን ቢራ አለ። ባዶ የዳሽን ጠርሙስ ቦይ ውስጥ ተጥሎ ስንቴ አይታችኋል? እኔ ብዙ አላየሁም። ጠርሙሱ መያዣ ገንዘብ አለበት። ካልመለስክ ገንዘብህ ቀረ። ፖሊስ አልቆመበትም፣ ደንብ አስከባሪም አልተመደበበትም። ሰውዬው ከነስካሩም ቢሆን ጠርሙሱን ይመልሳል። የሳሙና ፌስታል ግን መያዣ የለውም። ቀሃ ወንዝ ዳር ውረዱና እዩት።

አሁን ወደ ጦርነት እንምጣ። ከጦርነት በኋላ መሬት ላይ የሚቀረው ነገር ብዙ ዓይነት ነው። የፈረሰ ቤት፣ የፈረሰ ትምህርት ቤት፣ የፈረሰ ጤና ጣቢያ አለ። የተቃጠለ መኪና አለ። የተበሳ ቆርቆሮ አለ። ከተዘረፈ ጤና ተቋም የተበተነ መርፌና ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት አለ። መሬት የጠጣው የሞተር ዘይት አለ። ሳይፈነዳ የቀረ ተተኳሽ ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። በሕግ ቋንቋ አንዱ ደረቅ ቆሻሻ ነው፣ ሌላው አደገኛ ቆሻሻ ነው። ለየራሳቸው አዋጅ አላቸው። በልጁ ከረጢት ውስጥ ግን ሁሉም አንድ ላይ ነው የገቡት።

ጎንደር ለዚህ ነገር አዲስ አይደለችም። በ1880 ደርቡሾች ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጥለዋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ በንብ መንጋ እንደተረፈች ከአያቶቻችን ሰምተናል። በ1934 ኅዳር 18 ቀን የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ እዚሁ እጁን ሰጠ። በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን ጦር የመጨረሻው ትልቅ ምሽግ ጎንደር ነበረች። ከዚያ በፊት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከተማዋን ደብድበዋል። የአፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ያኔ የደረሰበትን ጉዳት ዛሬም ተሸክሞ ቆሟል። ፋሲል ግቢ ገብታችሁ ጣሪያ የሌለውን ያንን ግንብ ስታዩ የምታዩት ግማሹ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ግማሹ ቦምብ ነው። ፍርስራሽን ተከባክበን የዓለም ቅርስ አድርገን የምንኖር ሕዝብ ነን። ከ2013 ወዲህ በሰሜን ጎንደር፣ በዳባትና በደባርቅ በኩል፣ አሁን ደግሞ በየአካባቢያችን የሆነውን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ አልተርክላችሁም።

ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንን ነው። የጦርነት ቆሻሻን ዛሬም የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ ነው። ዋጋ ወጥቶለታል። ዋጋውን ያወጣው ግን ቀልጦ ብረት የሚሆነውን ብቻ የሚፈልግ ገበያ ነው። በኪሎ ይከፍላል። ቆራሌው ለትልቁ ነጋዴ ያስረክባል። ትልቁ ነጋዴ አዲስ አበባ ይልካል፤ ምናለሽ ተራ ሄዶ ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ከዚያም ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንድም ክፉ ሰው የለም። ሁሉም እንጀራውን ፈላጊ ነው። ነገር ግን በኪሎ የሚከፍል ገበያ ሲበዛ ከባዱን ነገር ፈልጉ ይላል። ከባዱ ነገር ምን እንደሆነ አዘዞ ላይ አይተነዋል።

ላኦስ የምትባል አገር አለች። እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1973 አሜሪካ ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ ጣለችባት። ከዚያ ውስጥ ከክላስተር ቦምብ የተበተኑት ትንንሽ ቦምቦች 270 ሚሊዮን ናቸው። ወደ 80 ሚሊዮን የሚሆኑት ሳይፈነዱ ቀሩ። ትንንሾቹ ኳስ ያክላሉ። የላኦስ ገበሬ ድሃ ነው፣ ብረት ደግሞ ይሸጣል። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የሞተውና የቆሰለው ሰው ከ20,000 በላይ ነው። ብዙው ሲያርስ ነው፣ እሳት ሲያነድ ነው። ከእነርሱ መካከል ግን ብረት ለቅሞ ሊሸጥ የወጣ ብዙ አለ። ሕፃናትም አሉበት። በዚያ አገር የብረት ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር የሰው ነፍስ ይረክሳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? «የብረት ንግዱን ማገድ ነው» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አልስማማም። ቆራሌው ቢታገድ ማታ ማታ ይመጣል። ያኔ «ራቁ!» ብሎ የሚጮህ ሰው አይኖርም። እዚያ ሰፈር ሁላችንንም ያዳነን ቆራሌው ነው። ልምድ ነበረው፤ ዓይኑ ያውቃል። ሆኖም ያን ቀን ያገኘው ነገር ቢኖር ኪሳራ ነው። ሥራውን ትቶ ቀበሌ ሄደ፣ ግማሽ ቀኑ አለፈ። ልጁም ከሰረ። እውነቱን ለተናገረ ሰው ያልተከፈለበት፣ ዝም ብሎ ለሚመዝን ሰው የሚከፈልበት ሥርዓት ነው ያለን።

ሐሳቤ እንዲህ ነው። መንግሥት ያልፈነዳ ነገር ላመጣ ሰው አይክፈል፤ ለጠቆመ ይክፈል። «እዚህ ቦታ አይቻለሁ፣ አልነካሁም» ላለ ሰው። ቦታው ተረጋግጦ ባለሙያ ሲያነሳው ክፍያው ይለቀቅ። ክፍያው ትልቅ መሆን የለበትም። የአንድ ቀን የጉልበት ሥራ ዋጋ ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ ሰው ሥራዬ ብሎ ፍለጋ ይወጣል፤ እኛ የምንፈራው ደግሞ ፍለጋውን ነው። ከዚያ ካነሰ ቀበሌ ድረስ የሚሄድ ሰው አይገኝም። ሌላው ነገር፣ ክፍያው በቦታ ይሁን፤ በቁጥር አይሁን። አንድ ማሳ ላይ አንድም ተገኘ ሃያ፣ ያው አንድ ክፍያ ነው። በቁጥር ከተከፈለ ሰው ከየቦታው ሰብስቦ ይደረድራል። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ነገር ቢሮ ተቀምጦ መርሳት ቀላል ነው። እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት ግን እጅ ያስቆርጣል።

ለቆራሌውም እንዲሁ። ፈቃድና መታወቂያ ይሰጠው። ሥልጠና ይሰጠው። ላልገዛው ነገር ይከፈለው። አልገዛም ብሎ ላስከበረው እያንዳንዱ ቦታ ማለቴ ነው። ዓመታዊ የንግድ ግብሩ ቢቀነስለት እንኳ ማዘጋጃ ቤቱ የሚያጣው ገንዘብ ከአንድ ሰው ሕክምና ወጪ አይበልጥም።

አሁን ከመሀል አንድ ወንድሜ እጁን አውጥቶ ጠይቆኛል፤ ጥያቄው ትልቅ ስለሆነ እዚሁ ላንሳው። «ሰው አይቶ ይጠቁማል ትላለህ። ሄዶ ሲናገር አንተስ እንዴት አገኘኸው ቢባልስ?» አለኝ። ልክ ነው። በዚህ ጊዜ ይህ ፍርሃት የእውነት ፍርሃት ነው። ቀለህ ይዞ የተገኘ ሰው ብዙ ነገር ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ገንዘቡ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ጠቋሚው እንደማይጠየቅ ዋስትና ካላገኘ አምስት እጥፍ ቢከፈለውም አፉን አይከፍትም። እኔ የምመርጠው ጥቆማው በእድር በኩል እንዲያልፍ ነው። ወይ በደብሩ አስተዳዳሪ፣ ወይ በመስጊዱ ኢማም። ስም ሳይጠራ ቦታው ብቻ ይተላለፋል። ገንዘቡም በእድሩ በኩል ይመጣል። እድር የለቅሶ ገንዘብ ሳያጎድል ስንት ዘመን የያዘ ተቋም ነው። ይህንንም ይይዛል።

ሞዛምቢክ ውስጥ የአብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረው ሥራ ነበር። ሰው የደበቀውን መሣሪያ ሲያመጣ ገንዘብ አልሰጡትም። የልብስ ስፌት መኪና፣ ብስክሌት፣ መቆፈሪያ፣ የቤት መሥሪያ ዕቃ ሰጡት። ማን ነህ ብለው አልጠየቁም። እኔ ልቤን የነካው ዕቃ መሆኑ ነው። ጥሬ ገንዘብ ማታውኑ ሊያልቅ ይችላል፣ የስፌት መኪና ግን ቤት ውስጥ ቁጭ ይላል፤ ጎረቤትም ያየዋል። የእኛም ወረዳዎች ገንዘብ ቢያጥራቸው ለጠቆመ መንደር ቆርቆሮ ቢሰጡ አይከፋም። ከጦርነት በኋላ ቆርቆሮ የማይፈልግ ቤት የለም።

ፍርስራሹን ደግሞ እንየው። የጭቃ ቤት ሲፈርስ መሬት መልሶ ይወስደዋል። እንጨቱ ለማገዶ ይሆናል። ብሎኬት፣ ኮንክሪትና ግንብ ግን ተከምሮ ይቀራል። ዓለም ላይ ይህ ክምር ስንት እንደሚያስወጣ ልንገራችሁ። የዓለም ባንክ፣ የዩክሬን መንግሥት፣ የአውሮፓ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጡት ግምት፣ ዩክሬንን መልሶ ለመገንባት 524 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልጋል። ፍርስራሹን ለማንሳትና ለመያዝ ብቻ ወደ 13 ቢሊዮን ዶላር ይፈልጋል። ገና አንድ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሳይደረግ ማለት ነው። በዚያ አገር ብዙ የቤት ክዳን አስቤስቶስ ስላለበት አቧራው ራሱ ሳንባ ይገድላል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን ውስጥ የቀረው ፍርስራሽ ወደ 400 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይገመታል። በርሊን ውስጥ ሴቶች በባልዲ ተቀባብለው አነሱት። ፎቶውን አይታችሁ ይሆናል። ሻሽ አስረው፣ ጡቡን በመዶሻ እየጠረቡ። ብዙ ጊዜ ጀግንነታቸው ነው የሚነገረው፤ ይገባቸዋል። ሌላው ያልተነገረው ነገር የራሽን ካርዱ ነው። ሥራ የሌላት የቤት እመቤት የምታገኘው የመጨረሻውን ካርድ ነበር። በርሊኖች የሰማይ ቤት መሄጃ ይሉት ነበር፤ በእርሱ መኖር አይቻልማ። ፍርስራሽ ልታነሳ የወጣች ሴት ከፍ ያለ ካርድና በሰዓት 72 ፔኒግ ታገኝ ነበር። ብዙዎቹ የወጡት ልጅ ስለራባቸው ነው። የጸዳው ጡብ ተመልሶ ግንብ ሆነ። የማይረባው ተከምሮ ተራራ ሆነ፤ ቶይፍልስበርግ ይሉታል፣ ዛሬ ደን ለብሶ በርሊኖች እሑድ እሑድ ይንሸራሸሩበታል።

የእኛ ሴፍቲኔት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከ1997 ጀምሮ በገጠር እርከን ሲያሠራ ኖሯል፤ በኋላም በከተሞች ጽዳት ያሠራል። በተጎዱ ወረዳዎች የፍርስራሽ ማንሳት ሥራ በዚሁ ሥር ቢገባ አዲስ መሥሪያ ቤት መክፈት አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን አደራ። ፈንጂ የሚያውቅ ሰው ቀድሞ ሳያይ ማንም እናት ፍርስራሽ ላይ አትውጣ። ጓንትና ጫማም ከደመወዙ እኩል በጀት ይያዝላቸው።

ስለ ቅጣት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። «ፍርስራሽ በየሜዳው የሚደፋውን ግብር አስከፍለው» ይሉኛል። እንግሊዝ እንዲህ አድርጋለች። እ.ኤ.አ. በ1996 ቆሻሻ መድፊያ ቦታ በገባ በአንድ ቶን ተራ ቆሻሻ ላይ 7 ፓውንድ ጣለች። በ2024 ከ103 ፓውንድ በላይ ደርሷል። ሠርቷል፤ የሚቀበረው ቆሻሻ በጣም ቀንሷል። እዚያ ግን በሩ ላይ ሚዛን ያለው መድፊያ ቦታ ነበር፣ ሌላ አማራጭም ነበር። እንደዚያም ሆኖ በስውር የሚደፋ አልጠፋም። እኛ ዛሬ ያንን ግብር ብንጥል ሲኖትራኩ ሌሊት ወደ አንገረብ ነው የሚሄደው። አንገረብ ደግሞ የምንጠጣው ውኃ ነው። በደለል መሞላቱ ሳያንስ ፍርስራሽ ልንጨምርበት አይገባም። ቅጣት ሁለተኛ ይምጣ። መጀመሪያ ገዢ ይፈጠር።

ገዢ ሲፈጠር ምን እንደሚሆን ደግሞ በዓይናችን አይተናል። ኮብልስቶን! ድንጋይ ጎንደር ውስጥ ከጥንትም ነበረ። ዋጋ ያልነበረው ጥርብ ድንጋይ ከተሞች እንገዛለን ባሉ ጊዜ ሥራ ሆነ። ወጣቱ ተደራጀ፣ መዶሻ ገዛ፣ አንዳንዱም ትዳር መሠረተበት። ማንም ድንጋይ ጥረብ ብሎ አላዘዘውም። በካሬ ይህን ያህል እንገዛለን ነው የተባለው። የተፈጨ ኮንክሪትም እንዲሁ ነው። ለመንገድ ሥር ድልዳሎ፣ ለገረጋንቲ ምትክ፣ ለብሎኬት መሥሪያ ይሆናል። ሞሱል እ.ኤ.አ. በ2017 ስትፈርስ ከ7 ሚሊዮን ቶን በላይ ፍርስራሽ ነበረባት፤ የተወሰነውን ፈጭተው ለመንገድና ለብሎኬት አውለውታል። ማዘጋጃ ቤታችን በሚቀጥለው ዓመት የውስጥ ለውስጥ መንገድ ሲሠራ ከገረጋንቲው አንድ ሦስተኛውን ከተፈጨ ፍርስራሽ እገዛለሁ ቢል፣ ወፍጮውን የሚያመጣ ሰው ይገኛል።

ስለ ወፍጮው አንድ የምሥራች አለኝ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ላይ ስለ ማበረታቻ የሚናገር አንቀጽ አለ። ብክለትን ለመቆጣጠር የሚገባ አዲስ መሣሪያ ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ እንዲሆን ይፈቅዳል። ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የፍርስራሽ መፍጫ ብክለት መቆጣጠሪያ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ነው የጎደለው። እኔ እከራከራለሁ።

አሁን ወደ ሙያዬ ጓዳ ላስገባችሁ። ኮንትራክተሮች በመካከላችሁ አሉ፤ ካርታዌይ ታውቃላችሁ። የቆፈርከውን፣ ያፈረስከውን ከቦታው የምታነሳበት የክፍያ መስመር ነው። በሜትር ኩብ ይከፈላል። ክፍያው የሚፈጸመው ከሳይቱ ሲወጣ ነው። የት እንደተደፋ ማንም አይጠይቅም። የት ይደፋ? አቅራቢያው። ነዳጅ ይቆጥባላ። ኮንትራክተሩን አልወቅስም፤ ውሉ ያለውን ነው ያደረገው። እኔ የምለው ይህ የክፍያ መስመር ለሁለት ይከፈል ነው። ግማሹ ሲጫን ይከፈል። ግማሹ ደግሞ ከመፍጫው ወይም ከተፈቀደው ቦታ የተመዘነበት ደረሰኝ ሲመጣ። አዲስ ገንዘብ አልጨመርንም። ያው ብር ነው፤ የሚከፈልበትን ጊዜና ቦታ ብቻ ነው የቀየርነው። በሰሜን ኢትዮጵያ የደረሰውን ጉዳት መልሶ ለማቋቋም የተገመተው ወጪ ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ለግጭት ተጎጂ አካባቢዎች የሰጠው 300 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ክፍተቱን አያችሁት። ስለዚህ አዲስ ብር ከመጠየቅ ያለውን ብር በብልሃት መክፈል ይቀድማል።

ከተሞችንም እንዲሁ ማትጋት ይቻላል። ልምዱ አለ። የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም ከተሞችን በየዓመቱ እየመዘነ ነጥብ ላመጣ ብዙ፣ ላላመጣ ጥቂት ሲሰጥ ኖሯል። ጎንደርም ገና ከጅምሩ ነበረችበት፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 በኋላ 117 ከተሞች ደርሷል። እንደዚያ ባለ የነጥብ ሰሌዳ ላይ «የጦርነት ፍርስራሽ የት ደረሰ?» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር የከንቲባው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ነጥብ ያለበት ነገር ይሠራል።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝን ነገር ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የወጣቶች ማኅበር ሳማክር ነበር። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ቆሻሻ እንዲያነሱ ተዋዋላቸው። ልጆቹ ጋሪ በብድር ገዙ፣ ሠሩ፣ ሰነዱን አስገቡ። ክፍያው ዘጠኝ ወር ቆየ። «ነገ ኑ»፣ «ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው»፣ «የበጀት ዓመቱ ተዘግቷል»። አሥራ ሁለት ሆነው ጀምረው ገንዘቡ ሲመጣ የቀሩት አራት ነበሩ። ፈራሚው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለእርሱ ዘጠኝ ወር የአንድ ፋይል ዕድሜ ነው። ለልጆቹ ግን የቤት ኪራይ ነው። እኔም አብሬ ነበርኩ፣ ተስፋ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ አንዱን መንገድ ላይ ሳገኘው አንገቴን እደፋለሁ። ዘግይቶ የሚከፈል ማበረታቻ ካለመኖሩ ይብሳል። ሰው ሁለተኛ አያምንም። የጥቆማ ክፍያ የምለውም በሳምንት ውስጥ በቴሌብር የማይደርስ ከሆነ ባይጀመር ይሻላል።

ዩክሬን ላይ የወደድኩትን አንድ ነገር ልጨምር። ገበሬው ማሳዬ ላይ ፈንጂ አለ ሲል፣ መንግሥት ማሳውን የሚያጸዳ ድርጅት በግልጽ ጨረታ ይመርጣል። ክፍያው በገበሬው እጅ አያልፍም፤ በቀጥታ ለጠራጊው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሲጀመር መንግሥት 80 በመቶውን ይከፍል ነበር። በዚያው ዓመት ወደ 100 በመቶ አሳደጉት። ለእኔ ይህ ትክክል ነው። ማሳው ላይ ቆሞ ማረስ ያልቻለ ገበሬ ሃያ በመቶውን ከየት ያመጣል?

ይህን ብዬ ልጨርስ ስል አንዲት እናት ከኋላ ተነሱ። ከዳባት በኩል ነው የመጡት። «ልጄ፣ እኔ ልጠይቅህ» አሉኝ። «ከማሳዬ ጥግ አንድ ነገር አለ። ልጄ ሲያርስ አየው። በዱላ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬ ተከልሁበት። ይኸው ሁለት ክረምት በሬዎቼ ዞረውት ያልፋሉ። የመሬቱን ግብር ግን ከነእርሱ ነው የምከፍለው። ለዚያ ማን ይከፍለኛል?»

«እማዬ፣ ዛሬ ማንም አይከፍልዎትም» አልኳቸው። እውነቱ ይህ ነው። አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔም ይህንን አላሰብኩበትም ነበር። የጥቆማ ክፍያ እያልኩ ስለ ገንዘብ መስጠት ብቻ ነው ሳስብ የቆየሁት። እርሳቸው ያሉት ግን ይቀልላል። ገበሬው የመሬት ደብተር አለው። ማሳው በደብተሩ ላይ ተለይቶ ተጽፏል። ያልፈነዳ ነገር ያለበትን ማሳ ያስመዘገበ ገበሬ፣ ማሳው እስኪጸዳ የመሬት መጠቀሚያውንና የእርሻ ግብሩን አይክፈል። መንግሥት የሚያጣው ትንሽ ነው። በምላሹ ግን የትኛው ቀበሌ፣ የትኛው ማሳ ላይ ምን እንዳለ በገበሬው አፍ የተነገረ ካርታ ያገኛል። እንዲህ ያለ ካርታ የትም አይገዛም። መሬቱ የራሱ ስለሆነ «ከየት አመጣኸው?» የሚለውም አይነሳም። ጽዳቱ የዘገየበት ወረዳ ደግሞ በየዓመቱ ግብር ያጣልና የጽዳቱን ቡድን ራሱ ይጎተጉታል።

ስንት ይሆናል ብዬ ጠየቅኋቸው፤ የታጠረው።

«ሩብ ጥማድ አይሞላም» አሉኝ። «ጤፍ ነበር የምዘራበት።»

ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ሰኞ ጠዋት ለወረዳው የማስገባው ደብዳቤ የሚጀምረው በዚህች ማሳ ነው።